ሰው የሌለበት ሐይቅ

ባለፈው ግንቦት ከቱሪስት መሥሪያ ቤት የፎቶግራፍ ሥራዬ ስሰናበት በግ ታረደልኝ። አለቃዬ ሌላ ሰው የጻፈለትን ወረቀት አውጥቶ «የጣናን ጸጥታና ውበት ለዓለም ሲያስተዋውቅ የኖረ» እያለ አነበበ። ጭብጨባው ሲያልፍ አንዲት የጽሕፈት ክፍል ሠራተኛ «ጋሼ አዲሱ፣ የንጋቱን ውሃ እንዲያ እንደ ሐር የሚያለሰልሱት በምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በትዕግሥት» አልኋት። ሁሉም ደስ አላቸው። በዚህ አገር ትዕግሥት የሚል መልስ የሰጠ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም።

መልሱ ግን ትዕግሥት አይደለም። ያን አነሣስ የተማርሁት በጠላት ዘመን፣ ሐይቁን ሰው የማይኖርበት አስመስሎ ለማሳየት ለሚፈልግ አንድ የጣሊያን ካፒቴን ስሠራ ነው። ጸጥታ የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ስለማውቅ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጸጥ ያለ ሐይቅ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከእንዲህ ያለው ስዕል ውስጥ ብዙ ሰው ጠፍቷል። የአንዱን ነገር ግን ዝም ብዬ ልተወው አልቻልሁም። ስሙ እንድሪስ ነው፤ ታንኳ ሠሪ ነበር።

ሙያውን የጀመርሁት ጎንደር ነው። ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ለእያንዳንዱ ጉልበተኛ ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልገው ስለነበር፣ ፊደል የቆጠረ ወጣት ሁሉ እዚያ ሥራ ያገኝ ነበር። ደመወዙ ከጉልበተኛው ይሻላል፣ ከአስተርጓሚው ያንሳል፤ ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ሰው ነጭ ሸማ ፊት እያስቀመጥን እናነሣለን። ከሰው ይልቅ አፍንጫና ጆሮ ማየት ለመድሁ። እዚያ ነው መሪጌታ ወልዴን ያገኘኋቸው፤ ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው።

መሪጌታ የመሸንቲ ሰው ናቸው። ቅኔ ተቀኝተው፣ ዜማ ዘልቀው፣ በልጅነታቸው ለአንድ ጉዳይ አዲስ አበባ ቢሄዱ ከአንድ አርመን ፎቶግራፍ አንሺ ደጅ ቆመው ቀሩ። «የተገለበጠ ሰው በመስታወት ላይ አየሁና እግሬ አልነሣ አለ» ይሉ ነበር። በትልቁ የእንጨት ካሜራ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ የሚያይ ሰው ዓለምን የሚያያት ተገልብጣ ነው፤ ሐይቁ ላይ፣ ሰማዩ ታች። በዚህ ነገር መገረማቸውን ትተው አያውቁም። ከጨርቁ ሥር በወጡ ቁጥር ጥምጥማቸው ተዛብቶ፣ ፊታቸው በርቶ ነው።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። ሌንሱን የሚወለውሉበት ጨርቅ ለሌላ ነገር አይነካም፤ ጎርፍ በነካው ውሃ ስዕሉ የሚወጣበትን መስታወት አያጥቡም፤ «አሸዋው የስዕሉን ቆዳ ይፍቀዋል» ይላሉ። ከሁሉ የሚለየው ግን ጊዜ የሚለኩበት መንገድ ነው። ካፒቴኑ የሰጣቸው ሰዓት ኪሳቸው ውስጥ ይተኛል። እሳቸው የሌንሱን ክዳን ሲያነሡ አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራሉ፤ ሲጨርሱ ይከድናሉ። በንጋት ብርሃን ደግሞ ይደግሙታል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ሰማዩን አይተው ይወስናሉ። ሁልጊዜ በአንድ አረጋገጥ ነው፤ አይፈጥኑም፣ አይዘገዩም።

«ሰዓቱን ለምን አያዩም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ሰዓት ካየሁ ማንን ልለምን?»

«ለፎቶግራፍ ምን ልመና ያስፈልጋል?»

«አንተ ጉርድ ስታነሣ ከርመህ ነው። ብርሃን ታዝዞ የሚመጣ ይመስልሃል።»

አንድ የማይነካ ሕግ ነበራቸው፤ የተጀመረ ጸሎት አይቆረጥም። ሰው ቢጠራቸው አይመልሱም። ጎንደር ሳለን አንድ ጊዜ በግ የካሜራውን ማቆሚያ ሲገፋ በአንድ እጃቸው የበጉን ግንባር ይዘው፣ በሌላው ካሜራውን ደግፈው ጸሎታቸውን እስከ መጨረሻው አድርሰዋል። በጉ ጭምር ተረጋግቶ ቆመ። ያን ቀን ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁበትም።

ካፒቴኑ በአገሩ ሠዓሊ መሆን ፈልጎ ያልተሳካለት ሰው ነው። ያልተሳካለት ሠዓሊ ጠመንጃ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ዓለም ሁሉ ያየው ስለሆነ አላብራራም። ሁለታችንን ወደ ባሕር ዳር የወሰደን ለአገሩ ገበሬዎች የሚታይ አልበም ልናዘጋጅለት ነው። ገበሬዎቹ መጥተው ሊሰፍሩ ነው፤ መሬቱም ውሃውም ባለቤት እንደሌለው አስቀድመው በዓይናቸው ማየት አለባቸው። አማርኛ ለምዷል፤ አክብሮት የሚባለውን ክፍል ግን ዘሎታል። አባቱ የሚሆኑትን መሪጌታን «አንተ» ነበር የሚላቸው።

«አንተ፣ ውሃ ሐር ይሁን» አላቸው በመጀመሪያው ጧት። «ሰው የለም። ታንኳ የለም። ወፍ ትንሽ።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞር ብለው «ወፎቹን አንተ ንገራቸው» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ገበያ፣ የጣሊያን ጦር ሰፈርና በዳር በዳሩ የታንኳ ሠሪዎቹ ጎጆዎች ናት። ሐይቁ ግን አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ገና ሳይነጋ ዓሣ አጥማጁ ይወጣል፤ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ያጨደው ጭነቱን እየጎተተ ይመጣል፤ መነኩሴው ከደሴት ይሻገራል፤ እንጨት የጫነው ገበያ ለመድረስ ይቀዝፋል። ካፒቴኑ በመጀመሪያ ዘበኞች አሰልፎ ሊያባርራቸው ሞከረ። ዘበኞቹ ራሳቸው ስዕሉ ውስጥ ገቡበት። ያን ጊዜ መሪጌታ ዘዴውን አሳዩት።

ዘዴው ይህ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ መርፌ አክሎ እስኪጠብ ትዘጋዋለህ፤ ክዳኑን ግን ለረጅም ጊዜ ትከፍተዋለህ። በንጋት ደብዛዛ ብርሃን መስታወቱ ቀስ እያለ የሚጠጣው አንድ ቦታ የሚቆየውን ብቻ ነው። ማዕበሉ ሲነሣ ሲወድቅ እርስ በርሱ ተደራርቦ ሐር ይሆናል። የሚቀዝፍ ሰው፣ የሚሄድ ታንኳ፣ የሚበር ወፍ የትም ስለማይቆይ ምልክት አይተውም። ቋጥኙ ይቀራል፤ ደሴቱ ይቀራል፤ የዋርካው ግንድ ይቀራል። ሰው ይጠፋል።

ካፒቴኑ የመጀመሪያውን ስዕል ሲያይ ጣቶቹን ሳመ። «ማንም የለም» አለ። በዚያ ስዕል ውስጥ ዓሣ የያዘ ሰው ነበር፤ ፊት ለፊታችን ሲያልፍ እንዴት አደራችሁ ብሎናል።

ያን ዕለት መሪጌታን ተቆጣኋቸው። «አገሩን ባዶ አድርገው ሰጡት እኮ!»

«ዘበኞቹስ?» አሉኝ።

«ምን ዘበኞች?»

«የዘበኛ ሥራው መቆም ነው። የቆመ ስዕሉ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ፎቶግራፍ በሚነሣበት ጧት ዳሩ ላይ ዘበኛ እንዳይቆም ያዝዛል። ታያለህ።»

እንዳሉትም ሆነ። ካፒቴኑ ለሥነ ጥበቡ ሲል በየፎቶግራፉ ጧት ዳሩን ከዘበኛ አጸዳ። በጠቅላላው ወር ውስጥ ከማዶ ወደዚህ ለመሻገር እንደዚያ ጧት የሚመች ጊዜ አልነበረም፤ የአርበኛ መልእክተኛም፣ ጥይት የያዘም፣ የቆሰለም። የሚያሻግራቸው እንድሪስ ነበር። መሪጌታ በዋዜማው ገበያ ውስጥ ሲያገኙት «ነገ ብርሃን እንለምናለን» ይሉታል፤ በማግሥቱ እሱ በካሜራው ፊት ቀዝፎ ያልፋል፤ መስታወቱም አያየውም።

እንድሪስ ረጅም ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ደንገል ሲሸከም ግራ ትከሻው ወደ ታች ወርዶ ቀርቷል። ሳያሾፍ አያልፍም። አንድ ቀን የታጠበ ስዕል አሳየሁት።

«የት ነኝ?» አለኝ።

«የለህም፣ ጋሼ እንድሪስ።»

«ዘሃራም ይህንኑ ነው የምትለኝ። ሴት ሁሉ ባሏን ቤቷ አስገብታለች፣ አንተ የለህም ትላለች።» ወደ ሚስቱ ዞሮ ጮኸ፤ «አንቺ፣ በጣሊያንም ተመሰከረልሽ!»

ዘሃራ ከጎጆዋ ደጅ ሆና «እኔ ምስክር አላጣሁም፣ ባል ነው ያጣሁት» አለችው።

ነገሩ የተበላሸው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሐይቁ ሞልቶ ነበር። ከዳሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ጠፍጣፋ ቋጥኝ አለ፤ በበጋ ልብስ ያጥቡበታል፤ ሐይቁ ሲሞላ ውሃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ልክ ይሸፍነዋል። ያን ዕለት ማዕበል የነቀለው ደንገል እንድሪስ ሁልጊዜ የሚያርፍበትን ጥግ ዘግቶት ነበር። ስለዚህ ታንኳውን ወደ ቋጥኙ አዞረ። ካፒቴኑ ስዕሉን አስተካክሎ፣ ብርድ አልችል ብሎ አውቶሞቢሉ ውስጥ ገብቷል። መሪጌታ ክዳኑን አንሥተዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

በታንኳው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ የአርበኛ አዝማችና አሽከሩ። አዝማቹን ዛሬ ባላምባራስ ጥሩነህ ይሉታል፤ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፣ አልልም። ከታንኳው ቋጥኙ ላይ ወረዱ። ዐሥር እርምጃ ያህል ውሃ ረግጠው ዱር ውስጥ ቢገቡ አበቃ። ነገር ግን በሰላም መድረሳቸው ነውና፣ ፊታቸውን በደሴቱ ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን መልሰው መሳለም ጀመሩ። ይሰግዳሉ፣ ይነሣሉ፣ ያማትባሉ፤ እንደገና ይሰግዳሉ። እንድሪስም ወርዶ፣ ዘንጉን ቋጥኙ ላይ ተክሎ፣ ታንኳውን በገመድ ይዞ፣ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ይክደኑት» አልሁ ለመሪጌታ በሹክሹክታ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከንፈራቸው አልቆመም።

«ቆመዋል እኮ። ይወጣሉ። መሪጌታ!»

በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ። ክዳኑን እኔ ልወስድ እጄን ስዘረጋ በቀኛቸው ያዙት፤ እንደዚያ በግ። እነዚያ ሰግደው እስኪጨርሱ፣ እሳቸው ደግመው እስኪጨርሱ፣ እንድሪስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሰው ጸሎት ይቆረጣል ብሎ እግሩን እንኳ አላነሣም።

ጨለማ ክፍል ገብተን መስታወቱን ስናጥብ ሁሉም ነገር ወጣ። ባላምባራስና አሽከሩ ሲሰግዱ ሲነሡ ስለነበር ጭጋግ ብቻ ሆነዋል፤ ሰው መሆናቸውም አይለይ። ታንኳው ሲወዛወዝ ጠፍቷል። ቋጥኙን ውሃው ሸፍኖታል። በሐሩ መካከል፣ በውሃው ላይ፣ አንድ ረጅም ሰው ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ ዘንግ ይዞ ቆሟል። ከስዕሉ ሁሉ እንደ እሱ ጥርት ያለ አልነበረም።

ካፒቴኑ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም መስታወት ሁሉ ራሱ ያያል። ቀደም ሲል አንድ ቢሰበርብን ሆን ብላችሁ ነው ብሎ አስገርፎናል። ስለዚህ ሮጬ እንድሪስ ዘንድ ሄድሁ። ታንኳው ከቤቱ ጎን በጫፉ ቆሞ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ዛሬውኑ ወደ ደልጊ ሂድ» አልሁት። ዘመዶቹ እዚያ፣ ከሐይቁ ማዶ ናቸው።

«በምን?»

«በታንኳህ ነዋ።»

ደንገሉን በጡጫው መታው፤ ድፍን ድምፅ ሰጠ። «ጠጥቷል። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ላይ ነበር። ዘሃራንና ልጆቹን ጭኜበት ግማሽ መንገድ አያደርሰኝም።»

የደንገል ታንኳ እንዲህ ነው፤ ከተሸከመህ በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ የጠጣውን ካልተፋ ዳግመኛ አይሸከምህም። በዚያ ሳምንት ደግሞ ፀሐይ አልነበረችም፤ ካፊያ ብቻ።

«የጎረቤት ተዋስ።»

«የጎረቤት ታንኳ ጠፍቶ ሲገኝ ጎረቤቱን ይሰቅላሉ።»

«እንግዲያው ብቻህን በእግር ውጣ።»

«እኔ ወጥቼ ዘሃራን ማን ይጠይቃታል መሰለህ? አንተ?» ከዚያ ድምፁን ለወጠ። «ፀሐይ ከወጣች ሁለት ቀን ይበቃኛል። አንተ ያን መስታወትህን ሁለት ቀን አድርቅልኝ።»

ከዚያ በኋላ የሥራዬ ትርጉም እሱ ሆነ፤ ደንገሉ እስኪደርቅ መስታወቱ እንዳይደርቅ ማድረግ። ለካፒቴኑ እርጥበቱ በዛ፣ ቆዳው ይላጣል አልነው። የመጀመሪያውን ቀን አመነን። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች፤ እንድሪስ ታንኳውን ሲገለባብጥ ከሩቅ አየሁት። ካፒቴኑም ፀሐይዋን አየና «ነገ ጧት መስታወቱን እፈልጋለሁ» አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰውየውን ከመስታወቱ ላይ ለመድፈን ተቀመጥሁ። በነጋቲቩ መስታወት ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ስለሆነ፣ እንድሪስ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኖ ቆሟል። ቀዳዳውን በሾለ እርሳስ፣ በጭረት ላይ ጭረት እየደረቡ የውሃውን ጥቁረት እስኪያህል መሙላት ነው። በዚህ ሥራ ስም ነበረኝ፤ የስንቱን ሹም የፈንጣጣ ጠባሳ አጥፍቼ መልከ መልካም አድርጌዋለሁ። የሰው ፊት ግን ሸካራ ነው፤ ድንጋይ ሸካራ ነው፤ ማዕበል ያለበት ውሃም እርሳስን ይደብቃል። ያ ሰው የጠፋበት ልስልስ ውሃ ግን ምንም ነገር አይደብቅም። ያንዱን ጭረት ጥቁረት ሳስተካክል ያንዱ ይበልጣል፤ ያንን ስቀንስ ዳሩ ይታያል። ሲመሽ መስታወቱ ላይ ሰው አልነበረም። ሰው የሚያህል መጣፊያ ነበር።

ካፒቴኑ በማግሥቱ መስታወቱን ወደ መስኮቱ አነሣው። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ዘንበል አደረገው፤ እርሳስ ከጎን ሲያዩት እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። ጥጥ በአልኮል ነክሮ፣ እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ፣ መጣፊያውን ጠረገው። እንድሪስ ወጣ።

«እርሳሱ የእኔ ነው» አሉ መሪጌታ።

የእርሳስ ሥራ የእኔ እንደ ሆነ ካፒቴኑ ያውቃል። ግን አልበሙ አላለቀም፤ ለጨለማ ክፍሉ እኔ አስፈልገዋለሁ። ስለዚህ እኔን በጥፊ፣ እሳቸውን በመንገድ ሥራ ቀጣ። እንዲህ ነው የፈረደው፤ በሚያስፈልገውና በማያስፈልገው ሰው መካከል።

ከዚያ ስዕሉን አሳተመኝና ይዞ ወደ ዳሩ ወረደ። ታንኳ ሠሪዎቹን በሙሉ አሰለፈ። ለእያንዳንዱ ተራ በተራ ዘንግ እያስያዘ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ስዕሉን ከሰውየው ጎን እያስተያየ ያያቸዋል፤ ሠዓሊ ሞዴል እንደሚመርጥ። ሰዎቹ ነገሩ ገባቸው። የመጀመሪያው ግራ ትከሻውን ጣል አደረገ። ሁለተኛውም ጣለ። ሽማግሌውም፣ ጎረምሳውም፣ ሁሉም ግራ ትከሻቸውን ጥለው ቆሙ። ካፒቴኑ እስከ መጨረሻው ሄዶ ተመለሰና «እሺ፤ ሁሉም» አለ። ወታደሮቹ ገመድ አወጡ።

እንድሪስ ከሰልፉ ወጣ። «እኔ ነኝ» አለ። «እነዚህ መጣመም እንኳ አያውቁበትም።»

ሲወስዱት ታንኳው አሁንም ከጎጆው ጎን ቆሞ ነበር። ነክቼ አየሁት፤ ላይ ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ገና ነው። በገበያ ቀን ሰቀሉት። ካፒቴኑ ያን ስዕል ሁለት አሳትሞ ነበር፤ አንዱን ለጸጥታ ክፍል ሰጠ፣ ሁለተኛውን በአገሩ ኤግዚቢሽን ላይ እንዲታይለት ላከ። «የሕይወቴ ትልቁ ሥራ» አለኝ። እንደ ባልደረባ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይህን መታ መታ እስከ ዛሬ ታጥቤ አላስለቀቅሁትም።

ጠላት ሲወጣ ካፒቴኑ አልበሙን ይዞ ሄደ፤ መስታወቶቹ ከባድ ስለነበሩ ቀሩ። እኔም ካሜራውን ይዤ ዛሬ ፋሲሎ በሚባለው ሰፈር በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሥራ ጀመርሁ። መሪጌታ ከመንገድ ሥራው ከስተው ተመለሱና መሸንቲ ገቡ። ካሜራ ዳግመኛ አልነኩም። ሄጄ ያን የከረመ ቁጣዬን አወረድሁባቸው።

«አንድ ጸሎት ቢቆርጡ እግዜር ይቀየም ነበር?»

«አላውቅም» አሉ። «ከዚያ ወዲህ አቡነ ዘበሰማያት ስጀምር መጥቶ ይቆማል። ዘንጉን ተክሎ። እስክጨርስ ይጠብቀኛል።»

ቁጣዬ አልበረደም፤ ግን የማወርድበት ቦታ አጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ቦታ አገኘሁ። ጥሩነህ ባላምባራስ ተብሎ፣ ስለ አርበኝነቱ በሐይቁ ዳር መሬት ሊሰጠው ሲል መጣ። አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ ከቀሩት መስታወቶች የታተሙትን ስዕሎች ሲያገላብጥ ያን አገኘ። እጁ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ያውቁታል» አልሁት፤ ያን ጊዜ ገና አንቱ እለው ነበር። «እርስዎና አሽከርዎ ይህች ጭጋግ ናችሁ። ይህ እንድሪስ ነው።»

ስዕሉን ወደ ብርሃን ወሰደው። «በውሃ ላይ ቆሟል።»

«በቋጥኝ ላይ ነው። እርስዎም በዚያው ቋጥኝ ላይ ነበሩ።»

«እኔ ስሰግድ ነበር፤ ኋላዬን አላየሁም። አንድ ሰው ከኋላዬ እንደ ቆመ ግን ተሰምቶኛል» አለ። ድምፁ እየተለወጠ ሄደ፤ ሰው ራሱን ሲያሳምን ያለው ድምፅ። «ጠላት ባለበት ዳር ላይ ሰው ቢሆን እንዲህ ረግቶ አይቆምም። ይህ ጠባቂዬ መልአክ ነው።»

በሳምንቱ አገሩ ሁሉ ሰማ። ካህናቱ መጡ፣ ምእመናን መጡ፣ ስዕሉን የሚሳለም መጣ። ቋጥኙን አሳየኋቸው፤ ስለ ሌንሱ ነገርኋቸው፤ የቆመ ጥርት እንደሚል፣ የተንቀሳቀሰ ጭጋግ እንደሚሆን አስረዳኋቸው። አንዱ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ ብዙ ማንበብ ጎዳህ» አለኝ። ተአምር አልቃወምም። የሰው ሬሳ ላይ የሚቆም ተአምር ነው የማልወድ።

ለባላምባራስ የተመራው መሬት የታንኳ ሠሪዎቹ መንደር ነበር። የዘሃራ ጎጆ፣ ታንኳ የሚቆምበትም ዳር በዚያው ውስጥ ነው። እሷም ባሌ አርበኛ ሲያሻግር ተሰቅሏልና ቦታዬ አይነካ ብላ ከሰሰች። ማስረጃዋ ያ ስዕል ነው፤ ምስክሯ እኔ ነኝ። የወረዳው ዳኛ ስዕሉን ተቀብሎ አየና ባላምባራስን «ያሻገረዎ ይህ ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ያሻገረኝስ አንድ እስላም ነበር። ስሙን አላስታውስም። ይህ ግን እሱ አይደለም» አለ ባላምባራስ። «ይህ መልአክ ነው። እምላለሁ።»

ማለ። ጎንበስ ቀና ብሎ፣ ያኔ ቋጥኙ ላይ እንዳደረገው።

ዳኛው ወደ ዘሃራ ዞረ። «እንግዲህ አንቺ ምን ትያለሽ? መልአክ አይደለም ትያለሽ?»

እኔ ምን እንደምትል አላውቅም ነበር። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «እኔ ከመልአክ ጋር ምን ያጣላኛል?» አለች። «መልአክም ከሆነ የወረደው እኔ ደጅ ነው። ደጄን ተዉልኝ።»

ሸንጎው ሳቀ። ዳኛውም ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ለባላምባራስ ፈረደ። ስለ ቋጥኙ ልናገር ስነሣ ተቀመጥ አለኝ።

ዘሃራ ጎጆዋን አፍርሳ ወደ ደልጊ ስትሄድ ወንድሟ በታንኳ ሊወስዳት መጣ። ልጆቹ አድገዋል፤ ዕቃውን ይጭናሉ። ከመስታወቱ ላይ የእንድሪስን ብቻ ለይቼ፣ ባላምባራስና አሽከሩ የሆኑትን ጭጋግ ቆርጬ አውጥቼ አሳትሜላት ነበር። ባሏ በሕይወቱ የተነሣው ብቸኛ ፎቶግራፍ ነውና ልሰጣት ይዤላት ወረድሁ።

ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሰውነቱን እንዲህ ቀጥ አድርጎ የቆመው ለእነሱ ብሎ ነው» አለች። «ሲጸልዩ ላለመረበሽ።» ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ።

«ያንቺ ነው እኮ፣ እትዬ ዘሃራ። ልጆቹ ይዩት።»

«ልጆቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። እኔ ሳላየው አልረሳውም። ለዚያ ለማለው ሰውዬ ስጠው፤ አተልቀህ። እሱ ይየው።»

ታንኳዋ ላይ ወጣች። ወንድሟ በዘንጉ ገፋ።

ባላምባራስም ትልቅ ስዕል አዞኝ ስለነበር፣ ወረቀቱ በቻለው መጠን አተልቄ፣ የእንድሪስ ፊት በደንብ እንዲለይ አድርጌ አተምሁለት። ባላምባራስ የእንድሪስን የፊቱን አጥንት፣ የጥምጥሙን አጣጣል ሳይቀር ማየት ይችላል። በወርቅ ቀለም ክፈፍ አሠርቶ እልፍኙ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ከዚያ ወዲህ ለልጁ ሰርግም፣ ለተዝካርም ፎቶግራፍ ላነሣ እየተጠራሁ እዚያ ቤት ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ። እንግዳ ሁሉ ፊቱን ወደ ስዕሉ አድርጎ ይቀመጣል። የእሱ ወንበር ግን ከስዕሉ ሥር ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶት።